የብርቅነሽ አውራ ጣት

ብርቅነሽን ቀጨኔ የሚያውቃት በስፌቷና በድምጿ ነው። በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሠርግ ቤት ደግሞ ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት። እሷ ታወጣለች፣ ቤቱ ሙሉ ይቀበላል። አሁን አሁን ግን ሙሽሮቹ በዲጄ ተለከፉና የሚጠራት ጠፋ። "እንግዲያው በዘመኑ ዕቃ እመጣባችኋለሁ" አለችና ያገለገለ ጊታር ገዛች።

አስተማሪዋ ኪሩ የሚባል ወጣት ነው፤ ጳውሎስ አካባቢ ከአንዲት ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ያስተምራል። ያገናኘቻቸው የእህቷ ልጅ ሩታ ናት። ሩታ ልትዳር ነው። የብርቅነሽም ምኞት አንድ ነበር፤ በሩታ መልስ ላይ የድሮውን የሠርግ ዘፈን ራሷ እየመታች ራሷ መዝፈን።

ጣቶቿ አላስቸገሩም። አውራ ጣቷ ወፍራሞቹን ክሮች በየተራ ይነካል፣ ሌሎቹ ቀጫጭኖቹን ይለቅማሉ። ጣጣው አፏን ስትከፍት ነው። አንዱን ስንኝ ዘፍና ስትጨርስ አውራ ጣቷ ቀጥ ይላል።

"እትዬ፣ ምቱን ጣሉት" ይላል ኪሩ።

እንደገና ጀመረች። አሁንም ቀጥ።

"በቃ ይተዉት። ሁለቱን ባንዴ ሁሉም ሰው አይችልም። ድምፅዎ ወርቅ ነው፣ እርስዎ ይዝፈኑ፤ ጊታሩን እኔ እይዝልዎታለሁ።"

"ድምፁንማ ይዤው ነው የመጣሁ። አንተ ዘንድ የመጣሁት ለጣቴ ነው።"

ቤቷ ሳትደርስ ሩታ ደወለች። "እቴቴ፣ ኪሩ ነግሮኛል። እሱ ይጫወት፣ አንቺ ዝፈኚ። ሰው ፊት እንዳናፍር ብዬ እኮ ነው።"

"የክርስትና ቀሚስሽን የሰፋ እጅ ዛሬ የሚያሳፍር ሆነ?" ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

እየተብከነከነች ቤቷ ገባችና ጊታሩን አነሳች። በንዴት የተሰፋ ይጣመማልና መጀመሪያ ነገሩን መረመረችው። ጣቷ መቼ ነው የሚቆመው? ቃሉ ሲከብዳት አይደለም፤ ስንኙ ካለቀ በኋላ ነው። ደግማ ዘፈነች፣ ጣቷ ቆመ። ለካስ እየጠበቀች ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እሷ ስታወጣ ሌላው ይቀበላል፤ እስኪቀበሏት ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጣቷም ያንን ለምዶ አብሯት ያርፋል። በዚያች ጠባብ ክፍል ማን ይቀበላት?

"ምት ጣሉት ይለኛል እንጂ፣ ለምን ቆሙ ብሎ አንዴ እንኳ አልጠየቀኝም" አለች ብቻዋን።

ልብስ ስትሰፋ እግሯ ይረግጣል፣ አፏ ከደንበኛ ጋር ያወራል። ደንበኛዋ መልስ ስትሰጥ እግሯ ቆሞ አያዳምጥም። አውራ ጣቷንም እንደዚያ ልታስለምደው ተነሳች። ግጥሙን ትታ ዜማውን በማንጎራጎር ብቻ ጨረሰች፤ ተቀባይ ይገባበት በነበረው ዝምታ ላይ አውራ ጣቷን ለብቻው ቀስ አድርጋ አስኬደችው። ጣቷ ሲለምድ ቃሉን መለሰች። እስከ መልሱ ድረስ ከስፌት በተረፋት ጊዜ ሁሉ ሥራዋ ይኸው ሆነ።

የመልሱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል። ብርቅነሽ ጊታሯን ይዛ ስትቀመጥ ኪሩ የራሱን ጊታር አንግቶ አጠገቧ ወንበር ሳበ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"እ... ማለቴ፣ ምናልባት ቢያቋርጡ ብዬ። ሩታ ናት ያለችኝ።"

ሩታ ከባሏ ጎን ሆና አንገቷን ደፋች።

"ገና ሳልወድቅ ፍራሽ አንጥፋችሁልኛላ" አለች ብርቅነሽ፣ ሰው እስኪሰማ። "ጊታሩን አስቀምጥ።"

"እትዬ፣ ለጥንቃቄ ነው..."

"አስቀምጥና ተቀበል። የቸገረኝ ተቀባይ ነው እንጂ መቺ አይደለም።"

ድንኳኑ ሳቀ። ኪሩ ጊታሩን ወንበር ሥር አስገባ። ብርቅነሽ አወጣች፣ ሰው ተቀበለ፣ ኪሩም እያጨበጨበ ተቀበለ። አውራ ጣቷ ከጭብጨባው ሥር ሳይቆም ሄደ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቀጭን ክር ሳተች፤ ሳትመለስበት አለፈችው።

ሲያልቅ ሩታ ልትስማት መጣች። "እቴቴ፣ ይቅር በይኝ።"

"ዛሬ መልስሽ ነው፣ አልቆጣሽም" አለቻት ጉንጯን እየሰጠቻት። "ሰኞ ግን ቤት ትመጪና እንነጋገራለን።"