አባቴ የዓለምን ስምምነት እንደ እድር ደንብ ሲያዳምጡ

አገሮች ለዘላቂ ልማት ገንዘብ እንዴት እንደሚያሰባስቡ የሚስማሙበትን ረቂቅ ወደ አማርኛ እንድመልስ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ ቀን፣ ደስታው ታክሲ ተሰልፌ እንድጠብቅ አላስቻለኝም፤ እስከ ልደታ፣ እስከ ቤታችን ድረስ በእግሬ መጣሁ። አለቃዬ ደግሞ ነገሩን አባብሳዋለች። ድርድሩ ገና ስላላለቀ፣ የሚጨመር ነገር ከታየኝ አንድ ሐሳብ ጽፌ ለተደራዳሪዎቻችን ማቅረብ እንደምችል ነግራኛለች። ዓለም በሚፈራረመው ወረቀት ላይ የእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር! ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ትርጉሙን እንደጨረስኩ ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ ለአባቴ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ አብነት ሰፈር ስንኖር ያቋቋሙትን እድር ዛሬም በጸሐፊነት ያገለግላሉ። በእነሱ ደንብ አንድ አንቀጽ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ያፈረሰው ሰው ምን እንደሚሆን ሳይነገር ወደሚቀጥለው አይታለፍም። እናም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኝ ጀመር።

ሀብታም አገሮች ቃል የገቡትን ድጋፍ እንዲያሟሉ የሚጠይቀውን አነበብኩ። ባያሟሉስ አሉኝ። ግብር የሚሸሹ ኩባንያዎችን ለመያዝ አገሮች ይተባበሩ የሚለውን አነበብኩ። ባይተባበሩስ አሉኝ። አምስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ይሄ እድር እኮ አይደለም አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ።

“ገጽ ዘለሽ ይሆናል እንጂ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደንብማ የለም።”

ደነገጥኩ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ትርጉሜን ከዋናው ጋር ገጽ በገጽ አመሳከርኩ። አንድም የዘለልኩት የለም። አባቴ የፈለጉት ነገር ዋናው ላይም አልነበረም። ያን ጊዜ ልቤ እንዴት እንደመታ! ዓረፍተ ነገሬን አገኘኋት ብዬ፣ ቃሉን ያልጠበቀ አገር ይቀጣ የሚል ሐሳብ ጽፌ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

አባቴ ሳቁብኝ። ቀጪው ማን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ የራሳቸውን አወሩኝ። እድሩ ሲጀመር ቅጣት የሚባል ነገር አባላቱ እሺ አላሉም። ስለዚህ አባቴ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ቆመው የሁሉንም ስም ብቻ ይጠሩ ነበር።

“ስሙ ተጠርቶ አቤት የሚል ሲጠፋ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማል። ዓመት ሳይሞላ ቅጣት ይኑር ያሉት ራሳቸው አባላቱ ናቸው” አሉኝ።

የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ፦ በየዓመቱ በጉባኤ ፊት የየአገሩ ስም እየተጠራ፣ የገባው ቃልና የፈጸመው ይነበብ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ምንም ሳትነካ አሳለፈችው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እዘል ነበር።

በመጨረሻ የጸደቀው ጽሑፍ መጣ። የየዓመቱ አፈጻጸም በጉባኤ ፊት ይቀርባል የሚለው ገብቷል። የየአገሩ ስም እየተጠራ የሚለው ወጥቷል። ግማሿም ብትሆን የእኔ ናት ብዬ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ስሙስ?”

“አወጡት፣ አባዬ።”

ይናደዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የእኛም የእድር ሰዎች መጀመሪያ ስማችን አይጠራ ብለው ነበር አሉና አገሮቹ ስምምነቱን እንደገና የሚያዩበት ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል አልኳቸው። ይህን ስል ዕድሜያቸው ትዝ አለኝ። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

“እኔ ባልደርስበት አንቺ ትደርሺበታለሽ። አሁኑኑ ጻፊው።”

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀምጬ፣ የየአገሩ ስም እየተጠራ የሚለውን መልሼ ጻፍኩ።