ነፍስ ይማር የተባለላት ዘፋኝ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተማርኩት ገመድ መጠቅለል ነው። አሠሪዬ ጋሽ ተፈራ ረጅም የማይክራፎን ገመድ ወለሉ ላይ ጥለው እንድጠቀልለው አዘዙኝ። ክርኔና መዳፌ ላይ እያዞርኩ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አጥብቄ ጠቀለልኩት። ፈትተው መልሰው ጣሉት። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ፈቱት። በመጨረሻ እጄን ይዘው አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረጉ አሳዩኝ።

«ገመድ ስትጠመዝዘው ውስጡ ይበጠሳል» አሉኝ። «የሚበጠሰው ደግሞ እዚህ አይደለም፤ የሙሽራው አባት ሊመርቅ ሲነሳ ነው።»

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ድጋሚ እስክፈተን ድረስ ብዬ ነበር የገባሁት። ከአንድ ፈተና በላይ ቆየሁ። ይህን የምጽፈው አሁንም በዚያ ሥራ ላሉ ጓደኞቼና ወደፊት ለሚገቡበት ነው።

የምንሠራበት ቤት ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር የቆመ ኮንቴይነር ነበር። ከፊት የድምፅ መሣሪያ እናከራያለን፤ ከኋላ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶንና በስፖንጅ የተሸፈነ ትንሽ መቅረጫ ክፍል አለች። ሠራተኛው በደረጃ ነው። አዲስ የገባ ስፒከር ይሸከማል። ከዚያ ገመድ ይዘረጋል። ጆሮው የታመነለት ድምፅ ማመጣጠኛው ሚክሰር ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው በአንድ ፋብሪካ ክበብ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ስለነበር ጆሮን በቀላሉ አያምኑም። እኔ ሚክሰር ላይ በተቀመጥኩ ሰሞን ነው ሰናይት የመጣችው።

ሰናይት ቂሊንጦ ባለ አንድ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጊታሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ገባች። ሦስት ዘፈን አለኝ አለች። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። አጨዋወቷ የዘመኑ አይደለም፤ አንድ ክር ትነካና ድምፁ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሌላውን ትነካለች። ከሦስቱ አንዱ ባቡር መምጣት ስላቆመበት ጣቢያ ነበር፦

ሐዲዱም ዛገ፣ ሣር በቀለበት፣
እኔ ግን አለሁ፣ እዚያው ከቆምኩበት።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ይህን የሚያደርጉት ደስ ሲላቸው ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የቀረጽነውን ሲሰሙት ግን አልወደዱትም። የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል አሉ። ከመደርደሪያው አሮጌ የካሴት ዴክ አወረዱና ዘፈኑን ብዙ ጊዜ በተቀዳበት ካሴት ላይ አስገለበጡኝ፤ ከዚያ ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሩ መለስነው። ሹክሹክታ የመሰለ የካሴት ክር ድምፅ ገባበት። ዜማው አልፎ አልፎ በጥቂቱ ይወዛወዛል። ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰውን ማስተጋቢያም እሳቸው በሚያስታውሱት የድሮ ልክ ከፍ አደረግነው።

«አሁን ሰው ገባበት» አሉ።

ዘፈኖቹ ስምም ፎቶም ሳይኖራቸው ወጡ። ሚሞሪ ካርድ ሊያስሞሉ ለመጡ ሾፌሮች ሰጠናቸው፤ ከዚያ ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ ሄዱ። ወጣቶቹ «የፋዘር ዘፈን» እያሉ ያሾፉና ራሳቸው ይቀባበሉታል። ትልልቆቹ ግን አላሾፉም። አስታወሱት። አንዷ በዚህ ዘፈን ነው የተዳርኩት ብላ ስትምል ሰማሁ። ዘፈኑ ያኔ ከወጣ ዓመት አልሞላውም።

ፀጉር ቤት ውስጥ አቶ ወርቁ የሚባሉ ጡረተኛ የፋብሪካ መካኒክ ዘፋኟን በደንብ እንደሚያውቋት ይናገሩ ጀመር። ድሬዳዋ እንደሞተችና ቀብሯ ላይ እንደነበሩ አወሩ። ዝናብ ሁሉ ነበር አሉ። እኔ ፀጉሬ በግማሽ ተቆርጦ ተቀምጫለሁ። በሕይወት ያለች ይመስለኛል ብዬ በትሕትና ተናገርኩ።

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፀጉር ቤቱ ሁሉ ሳቀ። 

ሰናይት ነገሩን የሰማችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፈረቃ ወጥታ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ ሾፌሩ ዘፈኗን ከፈተው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት በረጅሙ ተነፈሰችና «ነፍሷን ይማር፣ ይህን የመሰለ ድምፅ አፈር በላው» አለች። ሰናይት እየሳቀች ነገረችን። ግን ያን ቀን ጊታሯን ከብርድ ልብሱ አላወጣችውም። ከዚያ ወዲህ አኳኋኗ ተለወጠ። መንገድ ስትሻገር ቆማ ትጠብቃለች። ትንሽ ስታስል ደረቷን ትይዛለች። አንድ ቀን፣ ብዙ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ቢል ይደርሳል ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። እኔም ግን ማታ ማታ አስበው ጀመር።

እናቷ እትዬ ጽጌ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሳሙና፣ ሶፍትና ብስኩት የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ከሱቃቸው ፊት ተሳፋሪ የሚያወርድ ሚኒባስ ሁሉ ዘፈኑን ይዞ ይመጣል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ይወርዳል። አንድ ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው እኛ ጋ መጡ። ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም።

«ከዘፈኑ ውስጥ እርጅናውን አውጡልኝ» አሉ።

ጋሽ ተፈራ ስለ ካሴቱ ሊያስረዷቸው ሞከሩ። ሰው የወደደው ያንን መሆኑን፣ በአካባቢያችን እንደ ልጃቸው የሚደመጥ ዘፋኝ እንደሌለ ነገሯቸው። እትዬ ጽጌ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የሚደመጠው እሷ አይደለችም» አሉ። «የሚደመጠው ሬሳ ነው። ልጄ በሰው አፍ በየቀኑ እየተቀበረች እኔ ሳሙና አልሸጥም። ወይ ሰው ፊት ቆማ ትታይ፣ ወይ ጊታሩ ከቤቴ ይውጣ።»

ሰናይት በሰው ፊት ዘፍና አታውቅም። ሰው የወደደውን የሞተች ሴት ድምፅ ትቶ እኔን ለምን ይወደኛል ትል ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ድምፁ እንደ ካሴቱ ካልሆነ አስመሳይ ናት ይሏታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማስተጋቢያውን ልክ እንደ ቀረጻው ከፍ አድርጌ ለማዘጋጀት ወሰንኩ። ጊታሩ ከቤት ከወጣ ሰናይት ሌላ እንደማትገዛ፣ ብትገዛም እንደማትነካው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ለእሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ተፈቀደልን። የለጠፍነውን ማስታወቂያ ዝናብ አጥቦ ጣለው። የቀረን ጊዜ ትንሽ ነበር። ያኔ ጋሽ ተፈራ የዕድሩን ለፋፊ ዘለቀን አሰቡ። እነ ሰናይት ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ቱሉ ዲምቱ ቢገቡም የድሮ ሰፈራቸውን፣ እኔም የምኖርበትን ሰፈር ዕድር አልለቀቁም ነበር። የዘለቀ ቃል ማስታወቂያ የማይደርስበት ጓሮ ሁሉ ይደርሳል።

ሰው አይደነግጥም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽ ተፈራ ቃሉን በጥንቃቄ ካዘጋጀንለት ችግር የለም አሉ። አዘጋጀሁለት። ሙዚቃ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ እንዲገባ አደረግሁ፤ በደስታ የሚለውንም ጨመርኩ። ዘለቀ በቃሉ አጠናው። ጥሩንባውን ተወው ስንለው ግን ተቆጣ።

«ያለ ጥሩንባ ከወጣሁማ ሰው ያበድኩ ነው የሚመስለው» አለ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፋ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ። ከዚያ የእትዬ ጽጌ ልጅ ሰናይት፣ ስምንት ሰዓት፣ የወጣት ማዕከል አዳራሽ። ሙዚቃውንም ደስታውንም አንድ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ያጠፋው ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን ግን መስኮቷን ከፍታ የሰማችው እስከ ስሙ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ መልሳ ስትዘጋው በመስኮቴ አየሁ። ለምን እንደዘጋች ያኔ አልጠየቅሁም፤ ብርድ መስሎኝ ነበር።

ጥሩንባና ስም ከተሰማ በኋላ ቀሪውን የሚያዳምጥ ሰው እንደሌለ የገባኝ አዳራሹ ውስጥ ነው። ከሰዓቱ በፊት ሞላ። ጋሽ ተፈራ በደስታ መነጽራቸውን አውልቀው «ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው» አሉኝ። እኔ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ማንም አያወራም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ወርቁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።  ጋሽ ተፈራን በክርኔ ነካ አድርጌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

በኋላ ስንጠይቅ ለቅሶው ለምን በአዳራሽ ሆነ ብሎ የተጠራጠረ ሰው ብዙ አልነበረም። አንዲት ሴት፣ ሰናይት ዘፋኝ ስለሆነች አዳራሹን መንግሥት የሰጣት ነው የመሰለኝ አለችን። ለእትዬ ጽጌም ማንም አልደወለላቸውም። ያልተረዳች እናት ብትሆንስ? መርዶውን በስልክ የሚናገር ሰው መሆን የፈለገ አልነበረም።

እትዬ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። በሩን አልፈው ገና እንደገቡ ሴቶቹ ተነስተው እያለቀሱ ከበቧቸው። አንዷ አንገታቸውን ይዛ «አይዞሽ፣ የኔ እናት» አለች። እትዬ ጽጌ ዙሪያቸውን አዩ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት?» አሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሰናይትም ሰማችው። ጊታሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ገመዱን ሳትሰካ ሮጣ ወጣችና ማይክራፎኑን ያዘች።

«እማዬ፣ አለሁ።»

ማስተጋቢያውን እንደ ቀረጻው አድርጌ ነበር ያዘጋጀሁት። አለሁ የሚለው ቃል ከጣሪያው፣ ከኋላው ግድግዳ፣ እንደገና ከጣሪያው እየራቀ እየራቀ ተመለሰ። ከመቃብር የሚወጣ ድምፅ ቢኖር እንደዚያ ይመስለኛል። ሴቶቹ በስመአብ ብለው አማተቡ። ከኋላ ያሉ ሁለት ሰዎች ወደ በሩ ሮጡ። እኔ የማስተጋቢያውን መቆጣጠሪያ እስከ ታች ድረስ አወረድኩት።

ሰናይት ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት።

«አለሁ» አለች እንደገና። በዚህኛው ጊዜ ቃሉ አንድ ብቻ ነበር። ከፈረቃ የደከማት ልጅ ድምፅ ነበር።

ገመዱን ሰክታ የጣቢያውን ዘፈን ጀመረች። ያለ ካሴቱ ሹክሹክታ፣ ያለ ማስተጋቢያ። መጀመሪያ ላይ ጣቷ አንድ ክር ሳተ፤ ቆም ብላ መልሳ ጀመረችው። አቶ ወርቁ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «የሟቿ ልጅ ናት ማለት ነው» አሉ። 

በዘፈኑ መካከል እትዬ ጽጌ ከወለሉ ተነሱ። ወደ መድረኩ አልሄዱም። አጠገባቸው ያለችውን ሴት ነጠላ ያዙና የተዘቀዘቀውን አገላብጠው ጥለቱን ወደ ታች አስተካከሉላት። ከዚያ ወደሚቀጥለችው ሄዱ። ከረድፍ ረድፍ፣ የአንዷን ትከሻ ለቀው የሌላዋን እየያዙ አስተካከሉ። የአንዷን ነጠላ እምቢ እንዳለቻቸው ሁሉ አጥብቀው ሲጎትቱ አየሁ። የቀሩት ራሳቸው አስተካከሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጭብጨባው የተጀመረው ከእነሱ ነው።

ጊታሩ ከእትዬ ጽጌ ቤት አልወጣም። ሰናይት ከዚያ ወዲህ ሌሎች መድረኮች ላይ ቆማለች። ካሴቱን አልተውነውም፤ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ግን ስሟንና ሰፈሯን በራሷ ድምፅ እንድትናገር አደረግን። ሁሉም አላመነም። ዛሬም ድረስ በእኛ ሰፈር የሞተችው እናቷ ናት፣ እሷ የምትዘፍነው የእናቷን ነው የሚል አለ። እትዬ ጽጌ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ከሰናይት ጋር በሚኒባስ ስንሄድ ዘፈኑ ተከፈተ። ከፊታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ነፍሷን ይማር አሉ። ሰናይትን አየኋት። ጊታሯን በጉልበቷ መካከል ይዛ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«አሜን፣ አባባ» አለቻቸው። «ለሁላችንም።»

ከሥራው የያዝኩት ይህን ነው። ድምፅ የሚሠራ ሰው ጥራቱን ከማስተካከሉ በፊት ሰሚው ያን ድምፅ ከምን ጋር እንደለመደው ይጠይቅ። ገመድም አይጠምዝዝ።