ከፎቶው ያስወጣኋቸው ሽማግሌ

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ስለ አፈር መሸርሸር ዘገባ እንድሠራ ወደ ዳባት ገጠር ላከኝ፤ ካሜራ ያለኝ እኔ ነኛ። ጎርፍ የቦረቦረውን ገደል ማንሳት ስጀምር አንድ ሽማግሌ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ፊቴ ቆሙ።

«አያ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ። የምፈልገው መሬቱን ነው» አልኳቸው።

«ምነው? መሬቱስ የኔ አይደል?»

ዘወር አሉ። ካሜራዬን ሳስተካክል ተመልሰው መጡ። ሦስት ጊዜ አስወጣኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጨረሻ ተቆጣኋቸው። ሄደው ከኋላዬ ቆሙ።

ፎቶዎቹን ፒያሳ ላይ አሳየን፤ ተጨበጨበልኝ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጎልማሳ ክበባችን ድረስ መጣ። የሽማግሌው ልጅ ነው። በነሐሴ ያ ገደል ተንዶ አባቱን ከነቤታቸው ወስዷቸዋል።

«ፎቶ አንስተሃቸዋል አሉኝ። ለተዝካራቸው የሚሆን አንድም የለን» አለኝ።

እያፈርኩ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገደል፣ ገደል፣ አሁንም ገደል። አንዱ ፎቶ ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ። መሬቱ ላይ፣ ከኔ ጥላ አጠገብ፣ ዱላ የተደገፈ የሰው ጥላ ይታያል።

«እሳቸው ናቸው» አለ። «ይችኑ አጥበህ ስጠኝ።»