የሞረድኳቸው ስድስት መርፌዎች

ሥራ የገባሁ ቀን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጌታሁን መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ ነው።

«ስምንተኛን ጨርሻለሁ።»

«ጨርሰሃል ወይስ ጨርሶሃል?» አለና ብቻውን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን ነው የጠላሁት፤ ምክንያቱን ግን በኋላ ራሱ ጨመረልኝ።

ትምህርት ቤቱ እዚሁ ሚዛን ከተማ ነው፣ ስሙን አልጽፍም። ከዚያ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ታይፕ እጠግን ነበር። ከሚሊኒየሙ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ኮምፒዩተር ሲያስገባ ታይፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ትምህርት ቤቱ «የጥገና ሠራተኛ» ብሎ ቀጠረኝ። የተሰበረ ወንበር፣ የተነቀለ የበር ማጠፊያ፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከባድ ግራጫ ብረት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ቁልፉ ዘጠኝ ብቻ ነው፣ አንድም ፊደል የለበትም። «ሌላው ቁልፍ የት ወደቀ?» አልኩ።

ያመጣው መምህር ታደለ ነው፣ የዓይነ ስውራን ተማሪዎች አስተማሪ። እሱም አያይም። «ምንም አልወደቀም። ቁጭ በል፣ ላስተምርህ» አለኝ።

ጣቶቼን ይዞ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠ። የብሬል መጻፊያ ማሽን ነው፤ ስድስቱ ቁልፍ በጣት የሚነበቡት የብሬል ስድስት ነጥቦች ናቸው። መሃል ያለው ክፍተት ይሰጣል፣ የግራው ጫፍ መስመር ያወርዳል፣ የቀኙ ወደ ኋላ ይመልሳል። እንደ ታይፕ አንድ አንድ አትመታም፤ የፊደሉን ነጥቦች በአንዴ ትጫናለህ። ከውስጥ ስድስት መርፌዎች ከሥር ወደ ላይ ወረቀቱን ይገፉታል፣ ነጥቡ ያብጣል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይመታል። አማርኛ ሲሆን አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል፣ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ። ስለዚህ የኛ ልጆች ወረቀት ቶሎ ይጨርሳሉ።

«ማን ነው የሠራው?» አልኩት።

«ነጥቡን የፈጠረው የፈረንሳይ ልጅ ነው። አባቱ ቆዳ ሰፊ ነበር። ልጁ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፣ ቁስሉ ወደ ሌላው ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። አድጎ ደግሞ ወስፌ በሚመስል ነገር መጻፍን ለዓለም አስተማረ።»

«ማሽኑንስ?»

«እሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ኃላፊ ታይፕ አይቶ ሠራው። ማንም እንዲሠራበት ብሎ በስሙ እንኳ አላስመዘገበም። በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት አንድ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ይሄን ጠንካራውን አወጣ። ያው እንዳንተ በእጁ የሚሠራ ሰው።»

ይህን ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። መጥፎው ነገር እሱ ነው። ታይፕ አውቃለሁ፣ ይሄም የታይፕ ዘመድ ነው፣ ምን ያቅተኛል አልኩ።

ንብረት ክፍል ውስጥ ሌሎች ሦስት ማሽኖች ነበሩ፣ በእርዳታ የመጡ፣ ከነፕላስቲካቸው። እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይወጣሉ፣ ልጆች ከፊታቸው ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይመለሳሉ። እኔ ራሴ አቧራ እየጠረግሁ አውጥቻለሁ፣ እየተሸከምኩ መልሻለሁ። ያ አሜሪካዊ የፈጠረውን ነገር ለዓለም ሲለቅ፣ የኛው አቶ ጌታሁን ደግሞ በሰው ማሽን ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ይሰቅላል።

ስለዚህ የሚሠራው ማሽን አንድ ነበር። የመምህር ታደለ ተማሪዎች ተስማምተው ለማርታ ሰጧት። ማርታ ከሸኮ ወረዳ መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የዚያን ዓመት ብሔራዊ ፈተና ከመካከላቸው የምትፈተነው እሷ ብቻ ነበረች። የማለፊያ ነጥብ ካልመጣላት አሥራ አንደኛ የለም፣ ወደ ሸኮ መመለስ ነው። አባቷ «አንዴ ሞክሪ» ብሎ ነው የላካት፣ ሁለተኛ ዕድል የላትም።

መስከረም ላይ ማሽኑ የሚፈልገው ወፍራም ወረቀት አለቀ። ማርታ በተራ የማባዣ ወረቀት ስትጽፍ መርፌዎቹ እየበሱት አስቸገሯት።

«ጋሼ ጠጋኝ» አለችኝ፣ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ፣ «ማሽንህ ተናካሽ ሆኗል።»

«ጥርሱን አወልቅልሻለሁ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ፈታሁት። ስድስቱን መርፌ በቀጭን ሞረድ ጫፋቸውን አድበለበልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ገጥሜ ስሞክረው ወረቀቱ አይበሳም፣ ነጥቡ ረድፉን ጠብቆ ቁጭ ብሏል። አምፖል ሥር አዘንብዬ አየሁት፣ ቆንጆ ነው። ማርታ ዳሰሰችውና «ይነበባል። ትንሽ ለስላሳ ሆነ እንጂ ይነበባል» አለች። ለስላሳ ስትል ደስ አለኝ። ምስጋና መሰለኝ።

ዓመቱን ሙሉ ጻፈችበት። ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ሲቪክስ፣ ሁሉንም። ገጾቹን በማዳበሪያ ከረጢት እየደረደረች አክስቷ ቤት አልጋ ሥር ታስቀምጥ ነበር። የሚዛንን ዝናብ ታውቃላችሁ። ግድግዳው ያልባል፣ ጫማ ይሻግታል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው መምህር ታደለ አስጠራኝ። ማርታ ለክለሳ ያወጣችውን የባዮሎጂ ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እስቲ እየው» አለኝ።

አየሁት። ነጥቡ ለዓይን አለ፣ ጥላ ነገር ይታያል።

«አለ እኮ» አልኩ።

መምህር ጣቴን ይዞ ወረቀቱ ላይ አስኬደው። ምንም የለም። ሜዳ ነው። ያድበለበልኩት መርፌ ወረቀቱን በደንብ አልገፋውም፤ በእርጥበቱና በክምሩ ክብደት ነጥቡ ተመልሶ ተኝቷል። የዓመት ትምህርት ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል።

«መርፌውን ነክተኸዋል?» አለኝ።

«ሞርጄዋለሁ።»

ወረቀቱን አስተካክሎ ክምሩ ላይ መለሰው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ጌታሁን ጋ ሮጥኩ። «ከሦስቱ አንዱን ለሦስት ሳምንት።»

«የዕቃ መጠየቂያውን ሞዴል ሃያ ሞልተህ በዳይሬክተሩ አስፈርም።»

«ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጅማ ሄዷል።»

«ሲመለስ ነዋ።»

«አቶ ጌታሁን፣ ልጅቷ ልትወድቅ ነው።»

«አንተ ያበላሸኸውን ንብረት መጀመሪያ በጽሑፍ አስረዳ። ሌላም ሰጥቼህ ልትሞርደው ነው?»

አፌ ለማንም አይተኛም፣ ያን ቀን ግን ዞሬ ወጣሁ። የተናገረው እውነት ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ እውነቱን የያዘው በሩን የቆለፈው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ የምታይ የክፍል ጓደኛዋን ደብተር ይዤ አክስቷ ቤት እቀመጥ ጀመር። እኔ አነባለሁ፣ እሷ በስሌትና ስታይለስ ትጽፋለች። ስሌት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው፣ ስታይለስ እጀታ ያላት መውጊያ። ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ ትወጋለህ፣ ወረቀቱን ገልብጠህ ከግራ ወደ ቀኝ ታነባለህ። ወፍራም ወረቀት ስላልነበረ ያለፈ ዓመት ካላንደር ከየሱቁ ለመንኩላት።

የባዮሎጂውን እንግሊዝኛ እየተንተባተብኩ ሳነብ «ጋሼ ጠጋኝ፣ ይሄ ቃል ነው ወይስ እያስነጠሰህ ነው?» ትለኝ ነበር። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከመውጋት ብዛት መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ከሰባቱ ትምህርት ሦስቱን ጨረስን። ዳይሬክተሩ የተመለሰው ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ነጥቧ አልበቃም። በጥቂት ነው፣ ግን አልበቃም።

ወደ ሸኮ የምትሄድ ቀን መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን «በኔ ነው» አልኳት።

«በአንተ ነው» አለች። «በአቶ ጌታሁንም ነው። ግን እንደሱ ያለውን ለምጄዋለሁ። ከአንተ አልጠበቅኩም ነበር።»

ረዳቱ እጇን ይዞ አስገባት። ሦስቱ ማሽኖች ያኔም ፕላስቲካቸው አልተቀደደም።

ይህን ሙያ ለምትይዙ የምለው ይሄን ነው። የብሬል ማሽን መርፌ አይሞረድም። ወረቀት ከተበሳ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፣ ወረቀት ፈልጉ። ጠግናችሁ ስትጨርሱ የተጻፈበትን ገጽ ክብደት ጭናችሁበት ሳምንት አቆዩት፣ ከዚያ በጣቱ ለሚያነብ ሰው ስጡ። እሱ ደህና ነው እስኪል ድረስ ማሽኑ አልተጠገነም።