ወይዘሮ አስካለ ለልጃቸው የሠሩት ሲኒማ

ዲላ ላይ ለረጅም ዘመን ያስተማሩን ወይዘሮ አስካለ አርፈዋል። ከይርጋጨፌና ከፍስሐ ገነት ለቀብራቸው የመጣችሁ ተማሪዎቻቸው ሐዘኑን ታውቁታላችሁ። ሩቅ ሆናችሁ ላልሰማችሁ ግን መርዶውን ማድረስ ተማሪያቸውም ጎረቤታቸውም ለሆንኩት ለእኔ ደርሷል።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ነው። እኔ የማስታውሳቸው ሳሎናቸው ወለል ላይ ተንበርክከው የስፒከር ገመድ በጥርሳቸው ሲልጡ ነው።

አንድያ ልጃቸው ማህሌት በሕመም የዓይኗን ብርሃን አጣች። ፊልም ነፍሷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከክፍሏ አልወጣ አለች፤ ምግብም ተወች። እናቷ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ተንከራተው ተስፋ የሚሰጣቸው አጡ። በመጨረሻ ከሐዋሳ አምፕሊፋየርና አምስት ስፒከሮች በሚኒባስ አስጭነው መጡ።

«ባለሙያ ልጥራልዎት?» አልኳቸው።

«ባለሙያ የሚያስተካክለው ለሚያይ ሰው ነው» አሉኝ። «ይልቅ ነይና ዓይንሽን ጨፍነሽ ተቀመጪልኝ።»

ለሙከራ ቴሌቪዥኑ ላይ ፊልም ከፈቱ፤ ሶፋው ላይ ጨፍኜ ተቀመጥኩ። እሳቸው ስፒከሮቹን ከግድግዳው እያራቁ፣ ወደ ጆሮዬ ቁመት ከፍ እያደረጉ፣ «አሁን በሩ የተከፈተው በየት በኩል ነው?» ይሉኛል። ከኋላ ያሉት የፊልሙን ንግግር ሲውጡት ድምፃቸውን ቀነሱ። ባዶው የሲሚንቶ ወለል ድምፁን ሲያስተጋባው ከመኝታ ቤታቸው ምንጣፍ አምጥተው አነጠፉ። ከዚያ ማህሌትን እጇን ይዘው አወጧት። ፊልሙ ሲጀምር ልጅቷ ፊቷን ወደ ግራ መልሳ «ሰውየው እዚህ ጋ ነው የቆመው» አለች። ወይዘሮ አስካለ ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ጎኗ ተቀምጠው፣ ድምፅ የሌለበትን ቦታ ይነግሯት ነበር። «አሁን ዝም ብላ እያየችው ነው። እንባዋን መጥረግ አልፈለገችም» ይሏታል በለሆሳስ።

በኋላ እሳቸውም ታመሙ፤ ሕመሙ ሲጸናባቸው ለራሳቸው አልተጨነቁም። መቆም ሲያቅታቸው ወንበር ላይ ሆነው ሶኬቱን፣ መክፈቻውን፣ ፍላሹ የሚሰካበትን ማህሌትን በእጇ አስዳሰሷት። ስትሳሳት ተቆጧት፤ ወዲያው ጣቶቿን ስመው «ጊዜ አጥሮኝ ነው የኔ ልጅ» አሏት።

ማህሌት ያን ጊዜ እናቷ እንደማይቆዩላት ገባት። «እማዬ፣ መክፈቱንስ ለመድኩት» አለች። «ፊልሙ ላይ ያሉት ዝም ሲሉ ማን ይነግረኛል?»

ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞረው «አደራ» አሉኝ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ማህሌት ራሷ ከፈተችው። ጎኗ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ዝም ሲል የማየውን ልነግራት ሞከርኩ፤ «መንገድ ነው፤ ዛፍ አለ» ብዬ ቀረሁ። በእጇ መዝጊያውን ፈልጋ አጠፋችው። «አመሰግናለሁ እህቴ፤ አንቺም ደክሞሻል» አለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አልወጣችም። ምግቧን በሯ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ደግሜ ስመጣ እንዳለ አገኘዋለሁ።

እትዬ አስካለ፣ ልሰናበትዎት ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አልቻልኩም። አደራ ብለውኝ ሄዱ፤ አደራውን እንዴት እንደምወጣው ግን አላውቅም። ያስተማሯቸው ሁሉ ይህን ሲያነቡ ይመጡ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ። እኔ ነገም ሄጄ አንኳኳለሁ። ባትከፍትልኝም ከበሩ አልሄድም። እርስዎ ይረፉ፣ እትዬ።