«ምን ልስጥህ?»

የንግድ ትምህርት ቤቱ አዲስ ዓመት በጀመረበት ቀን፣ ልጅቷ ዓይኗን ከጎኗ ከተቀመጡት ሴትዮ ላይ መንቀል አቃታት። እናቷን ያህላሉ። ጫማቸው ገና ከካርቶን የወጣ ነው፤ እርሳሳቸውን ጆሮአቸው ላይ ሰክተዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ማለት ይቃጣቸዋል።

ልጅ እግሩ መምህር ስም ሲጠራ እሳቸው ዘንድ ደረሰ።

«አቤት! ምን ልስጥህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋ በላብ ተጠመቁ፤ ቦርሳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ! ሱቅ አለዎት እንዴ?»

«ነበረኝ ልጄ። ሱቁ ከተዘጋ ከረመ፣ አፌ ግን አልዘጋ አለ።»

«ታዲያ ሌላ አይከፍቱም?»

«ያኛው በምን እንደሞተ ሳላውቅ?» አሉና ቦርሳቸውን ከወንበሩ ሥር ገፍተው፣ ወደ መምህሩ ዞረው ተደላደሉ።