«ተዪው» ልላት የሄድኩበት ኮረብታ

እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኮሎምበስ ተነስቼ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ልጄን ማህሌትን በበረዶ ላይ መንሸራተቱን ተዪው ልላት። በስልክ ብያት ነበር። በገና ሰሞን እቤት ስትመጣም ብያት ነበር። ያኔ ነው እንዲህ ያለችኝ፦

«ማሚ፣ አንድ ሬስ ብቻ መጥተሽ እዪ። ካየሽ በኋላም ኩዊት አድርጊ ካልሽኝ አደርጋለሁ። ፕሮሚስ።»

ልጄ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም። ስለዚህ ሄጄ ማየትና «ተዪው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ማህሌት የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የስኪ ቡድናቸው ካፒቴን አድርጎ መርጧታል። እኔ ካፒቴን ሲባል የማውቀው የአውሮፕላኑን ነው። ወንድሜ ግን በኳስ አምበል የሚባለው ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። «እንግዲያው ከሁሉም የምትበልጪው አንቺ ነሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ኖ ማሚ፣ ከሴቶቹ ስሎው እኔ ነኝ» አለችኝ። ቀርፋፋዋን መርጠው አለቃ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ባለፈው ዓመት ደግሞ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ እሷ ረሳችው፤ እኔ አልረሳሁትም።

ክሊቭላንድ አቬኑ

እኔ በረዶ ባለበት ሃይዌይ ላይ አልነዳም። የወሰዱኝ ጎረቤቴ እትዬ ሩቂያ ናቸው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆኑ በረዶ ለእሳቸው ዝናብ ማለት ነው። በራቸው ላይ ቆመው የምጭነውን ዕቃ ሲያዩ ቆዩ። ብርድ ልብስ፣ ፋሻ፣ የህመም ማስታገሻ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ተጨማሪ ካልሲ።

«አምቡላንሱን ረሳሽ» አሉኝ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቤንዚን ቀዳን። ከማደያው ጎን ካለችው የሶማሌ ሱቅ እትዬ ሩቂያ ትኩስ ሳምቡሳ ገዙ፤ አንዱ በአንድ ዶላር ከሃምሳ። ሱቋ ውስጥ ገና ሁሉም ማስክ አድርጎ ነበር። ሳምቡሳውን በወረቀት ይዤ፣ ጭኔን እያሞቀኝ፣ ከከተማ ወጣን።

ሰባ አንድ ላይ

ሰባ አንድ የሚባለው ሃይዌይ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ታጭዶ የቀረው የበቆሎ አገዳ ከበረዶው ላይ እንዳልተላጨ ጺም ብቅ ብቅ ብሏል። መንገዱ ጨው ተበትኖበት ስለነበር ነጭና ጥቁር ሆኗል። ከባድ መኪና ባለፈን ቁጥር ጭቃማ ውኃ መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ እኔም የበሩን እጀታ አጥብቄ እይዛለሁ።

«ኮሌጅ ነው ያበላሸብኝ» አልኳቸው። «ሃይስኩል ሳለች እንዴት ያለች ልጅ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ስኪል ክለብ ትሄድ ነበር።»

እትዬ ሩቂያ ዞር ብለው አዩኝ። «ምን ክለብ?»

«ስኪል። ሙያ የሚያስተምሩበት።»

ሳቁ ሲያሸንፋቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስኪ ክለብ ነው እንጂ። ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ አድርሼ የምመልሳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ ነው። በየሄድሽበት ልጄ ሙያ እየተማረች ነው ስትዪ፣ መቼም ሰው ልጁን ሲያሞግስ አይቋረጥም ብዬ ተውኩሽ።»

ተናድጄ መስኮቱን አየሁ። ለካ ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ሰላም የነበርኩት ባለማወቄ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር አልክድም። በ2020 ኮቪድ መጥቶ ትምህርቱ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ማህሌት ከመኝታ ክፍሏ አልወጣ ብላ ነበር። ምግቧን በር ላይ ነበር የማስቀምጥላት። ብርዱ ገብቶ፣ ደጅ ያለው ስፖርት ሲፈቀድ፣ ወደዚያ በረዶ ሄዳ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ ሁለት ጊዜ አስጨመረችኝ። ያንን ዕለት አስታውሳለሁ። እጇ የተሰበረውም በዚያው ብርድ ነው።

«እና ዛሬ ትያታለሽ?» አሉኝ እትዬ ሩቂያ።

«እላታለሁ።»

ኮረብታው

ማንስፊልድ ሳንደርስ ከሃይዌዩ ወጣን። መንገዱ ጠበበ፤ መሬቱም ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንድ መታጠፊያ ላይ በፈረስ የሚጎተት ጥቁር ጋሪ ከፊታችን ሲሄድ አገኘን።

«ደብረ ዘይት ደረስን እንዴ?» አሉ እትዬ ሩቂያ ፍጥነት ቀንሰው። ስናልፈው ጋሪው ላይ የነበረው ባለ ጺም ሰው፣ በሃይማኖታቸው መኪና ከማይነዱት የዚያ አካባቢ ገበሬዎች አንዱ፣ እጁን አነሳልን።

ተራራ ነው ሲሉኝ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። እኔ ደብረ ሲና ነው ያደግሁት፤ ይቺ እዚያ ስም እንኳ አይወጣላትም። በረዶውም ከሰማይ የወረደ ብቻ አይደለም፤ ትልልቅ ማሽኖች ይተፉታል። ልቤ ትንሽ አረፈ። ከሥሩ ቆሜ ቀና ስል ግን ፈራሁ። በረዶው እንደ መስታወት ያበራል። ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች ተተክለዋል፤ ልጆች በመካከላቸው እየተጠማዘዙ፣ ዘንጉን በክንዳቸው እየመቱ ይወርዳሉ። ድምፁ ጣውላ በመጋዝ እንደመቁረጥ ያለ ነው።

ከሩጫው መስመር ዳር አንድ ሰው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። ካፖርት በካፖርት ላይ ደርቦ ተሸክሟል፤ ከዓይኑ በቀር ፊቱ አይታይም።

«ያንን ምስኪን ይዩት» አልኳቸው እትዬ ሩቂያን።

አጠገባችን መጥቶ ሲቆም ማህሌት ናት።

«ማሚ፣ መጣሽ!»

«ይሄ ሁሉ የማን ልብስ ነው?»

«የቲሙ።»

«ካፒቴን ብለው ያሞኙሽ ለዚህ ነው? ልብስ ተሸካሚያቸው ነሽ?»

ሳቀች። «ስታርት ላይ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ። ታች ሲደርሱ ይበርዳቸዋል። ሰው ማውረድ አለበት።»

«ለምን አንቺ?»

«አይ ዶንት ኖው ማሚ። ማን ያውርድ እያልን ስንነጋገር ይበርዳቸዋላ።»

ጃኬቶቹን ለየባለቤቱ አደለችና በገመድ በሚጎተተው ወንበር ሊፍት ተመልሳ ወጣች። እሷ ወደ ላይ ስትወጣ «ተዪው» የሚለውን ቃል በልቤ አንድ ጊዜ ደገምኩት።

ያን ጊዜ ነው ሌላውን ነገር የሰማሁት። ታይለር የሚባል ረጅም፣ ቀይ ጺም ያለው ልጅ ከላይ ተነሳ። አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ፦ «አይዞሽ ታይለር! አይዞሽ!»

እትዬ ሩቂያ ሳምቡሳው ትን አላቸው። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ማህሌት ቃሉን ከእኔ ብቻ ነው የሰማችው፤ እኔ ደግሞ የምለው ለእሷ ነው። ስለዚህ ለሰው ሁሉ «አይዞሽ» የሚባል መስሏት ያንን ጺማም «አይዞሽ» አስብላዋለች።

ታይለር ወርዶ ጃኬቱን ሲለብስ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። በሚገባኝ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ነኝ፣ ሂድ ማለት ነው። ማሂ ናት ያስተማረችን» አለኝ።

እኔ በየጠዋቱ «አይዞሽ» ስላት «ሂጂ» ማለቴ አልነበረም። «ቀስ በይ፣ ተጠንቀቂ» ማለቴ ነበር።

ኬሊ

ከቡድኑ ፈጣኗ ኬሊ ናት። በአንድ ሬስ ሁለት ጊዜ ነው የሚወርዱት፤ የሁለቱ ሰዓት ይደመራል። ኬሊ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች፤ ራሷም በረዶው ላይ ነጠረ። ወዲያው ተነስታ መስመሩን አለፈችና እየሳቀች መጣች። ሁሉም ሳቀ። ከላይ ጃኬት ይዛ የወረደችው ማህሌት ግን አልሳቀችም። ስኪዋን አውልቃ ኬሊ ፊት ቆመች።

ያልገባኝን እትዬ ሩቂያ ነገሩኝ።

«ዛሬ ቫኑን ማን ነዳው?» አለቻት ማህሌት።

«ታይለር።»

ቡድኑን ያመጣውን ቫን የነዳችው ራሷ ማህሌት ነበረች።

«ሁለተኛውን አትወርጂም።»

«እየቀለድሽ ነው? ያለ እኔ እኮ ምንም አናገኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ፈጥነሽ ስለማታውቂ አይገባሽም።»

ልጆቹ መሬት መሬቱን አዩ። አሰልጣኝ የላቸውም፤ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። እኔ ልጄ ትሰደባለች ብዬ ልገባ ስል እትዬ ሩቂያ ክንዴን ያዙኝ። ማህሌት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የኬሊን ቁጥር ከደረቷ አወለቀች፣ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጭዋ ሳበች፣ ከዚያ በመዳፏ ደረቷን መታ መታ አደረገችው።

ይሄን እጅ አውቀዋለሁ። ከኪንደርጋርደን ጀምሮ፣ በራችን ላይ፣ እኔ ለእሷ የማደርገው ነው።

ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ የተጎዳ ሰው የሚረዱትን የበረዶ ፓትሮሎች ልጠራ ነው። እስኪመጡ እዚያ ካፌው ውስጥ ይዘሻት ተቀመጪ። ብቻዋን እንዳትሆን። አንቺ ሰው መጠበቅ ታውቂያለሽ።»

ለመከራከር አላሰብኩም። «እሺ» ብዬ ልጅቷን ይዤ ገባሁ።

ውስጡ በእርጥብ ጓንትና በጥብስ ድንች ሽታ ታፍኗል። አንድ ኩባያ ትኩስ ቸኮሌት አራት ዶላር ይላል፤ እኔ ከፔርሙዜ ሻይ ቀዳሁላት። ኬሊ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጠረጴዛውን ታያለች። ቆሎ አወጣሁላት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ገብስ ነው አልኳት። ቀምሳ ጥሩ ነው አለች። ስለ አባቷ ነገረችኝ፤ ስኪ ያስተማራት እሱ ነው። ሻዩን ጨረሰች። ከዚያ እጇን ወደ ቆሎው ዘርግታ፣ አይታው እንደማታውቅ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ልክ ያኔ ቀይ ጃኬት የለበሰው የፓትሮል ሰው ሲገባ ተነስቼ ሄድኩ። በእንግሊዝኛዬ አልተማመንኩም፤ ቢሆንም «አንድ ነገር ሁለቴ ጠየቀችኝ» አልኩት፤ ገባው። አጠገቧ ተንበርክኮ ዓይኗን በመብራት አየ፣ ብዙ ጠየቃት፣ ከዚያ ሐኪም ማየት አለባት ብሎ ለአባቷ ደወለ። አባትየው ቅርብ ነበር፤ መጥቶ ወሰዳት። እሷ ተደግፋ ስትወጣ፣ በዚያ የመስታወት በረዶ ላይ ሁለተኛ ወርዳ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

እየሮጥኩ ስወጣ ማህሌት ከላይ ተነስታ ነበር። ሁሉም ወርዶ የቀረችው እሷ ናት። ሰፋ አድርጋ ትታጠፋለች፣ አንድም ዘንግ አትስትም፣ አትቸኩልም። ልጆቹ «አይዞሽ ማሂ!» እያሉ አጥሩን ይመታሉ። ለእሷ ሲሉት ልክ ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ጮኽኩ። እንዲህ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

ምንም አላገኙም። ሌላ ኮሌጅ ዋንጫውን ይዞ ፎቶ ሲነሳ የእኛዎቹ አጨበጨቡ። ማህሌት ዕቃ ጭና፣ የሁሉንም ቀበቶ አይታ፣ ቫኑ ውስጥ ያሉትን ቆጠረቻቸው። መልሴን አልጠየቀችኝም። አንገቴን አቅፋ፣ «ቤት ስትደርሺ ቴክስት አድርጊኝ» አለችኝ ብቻ።

መመለሻ

ዴላዌር የምትባለውን ከተማ አለፍን። «አላልሻትም» አሉኝ እትዬ ሩቂያ።

«አላልኳትም።»

በምሠራበት ዌርሀውስ ብዙ ሊድ፣ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው፣ አሳልፌያለሁ። ቶሎ በሉ ማለት ሁሉም ይችላል። ሰው ደክሞ ሲያይ አቁም የሚል፣ ለዚያም ከበላይ የሚሰደብ፣ አንድ ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ ስሙን እናነሳዋለን። ልጆቹ ቀርፋፋዋን ለምን እንደመረጡ መንገድ ላይ ገባኝ። ላይ ቆማ ማን እንደበረደው የምታይ፣ ማን እንዳመመው የምታውቅ ሰው ፈልገው ነው።

ስለ እኔም አንድ ነገር ገባኝ። ፍርሃቴ እሷን እቤት ለማስቀመጥ ብቻ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ያንኑ የእኔን ጭንቀት ይዛው ወጥታ፣ ኮረብታ ላይ የሰው ልጅ ትጠብቅበታለች። አሁንም እፈራለሁ፤ ይሄ ጉዞ ያንን አልወሰደልኝም።

ቤት ገብቼ ፋሻውን ሳይከፈት ወደ ቦታው መለስኩት። ቆሎው አልቆ ነበር። ቴክስት ሳላደርግ ስልኩ ጮኸ።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ። እናንተስ?»

«ሁላችንም ደርሰናል። ኬሊን ዶክተር አይቷታል፤ ኮንከሽን ነው፣ ጭንቅላቷ ተናውጧል፣ ረስት አድርጊ አሏት። አሁንም ማድ ናት በእኔ።» ከኋላዋ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። «ሶ… ማሚ። ኩዊት ላድርግ?»

«ታይለርን አይዞህ በሉት» አልኳት።

«ዋት?»

«አይዞሽ ለሴት ነው። ለወንድ አይዞህ፤ ለብዙ ሰው አይዟችሁ። ካፒቴን ከሆንሽ በደንብ አስተምሪያቸው።»

ስልኩን ከአፏ አርቃ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው ሰማሁ። ከዚያ የታይለር ወፍራም ድምፅ፣ ቀስ እያለ፣ አንዴ ሲሳሳት አንዴ ሲያገኘው፣ «አይ-ዞህ፣ አይዞህ» እያለ ሲለማመድ ሰማሁ።